የዕጣ አባሮሽ እንዴት ይሰናዳል?

(በተማሪዎች ማኅበር የዓርብ ማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ጨዋታ ነው። ከእኔ በፊት በዚህ መድረክ የቆሙት ተናጋሪዎች ስለ ሥራ ማጣት፥ ስለ ኑሮ መወደድና ስለ ትምህርት ደረጃ ስለ ተናገሩ፥ ስለ አባሮሽ ሊናገር የመጣ ሰው ጥቂት ቢያፍር አይፈረድበትም። እኔ ግን አላፍርም። የማቀርበው ሐሳብ ማኅበራችን በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት መጀመሪያ ላይ ይህን ጨዋታ በራሱ ስም እንዲያሰናዳው ነውና፥ ከጨዋታነት ያለፈ ክርክር አለበት። ባለፈው ሳምንት አንድ መምህራችን ሐሳቡን በሰሙ ጊዜ «ሰው ሰውን የሚያሳድድበት ነገር አነሰን?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ቀልድ አልነበረም። በንግግሬ ውስጥ ልመልስላቸው እሞክራለሁ።

አስቀድሜ ጨዋታው ምን እንደ ሆነ ልንገራችሁ። ልጆች ሳለን ሁላችንም አባሮሽ ተጫውተናል። አንዱ ያባርራል፥ ሌሎቹ ይሸሻሉ፤ የተነካው በተራው አባራሪ ይሆናል። የዕጣ አባሮሽ ግን በሜዳ ላይ ለግማሽ ሰዓት የሚሮጡት ሩጫ አይደለም። ለአንድ ሳምንት ያህል በየዕለቱ ኑሮ መካከል፥ ትምህርትም እየተማሩ፥ ሻይም እየጠጡ፥ ልብስም እያጠቡ የሚጫወቱት ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ሰው ስም የተጻፈበት ወረቀት በምስጢር ይሰጠዋል። ድርሻው ያንን ሰው ብቻ መያዝ ነው። ነገር ግን የእርሱም ስም በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ተቀምጧል፤ በማን ኪስ እንደ ሆነ አያውቅም። የያዘ ሰው የተያዘውን ወረቀት ይወርስና አዲሱን ስም ማሳደድ ይጀምራል። የተያዘው ይወጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ በመጨረሻ አንድ ሰው ይቀራል።

ጨዋታውን የፈጠርነው እኛ አይደለንም። ሮበርት ሼክሊ የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ በ1953 እ.ኤ.አ. «ሰባተኛው ሰለባ» የሚል አጭር ልብ ወለድ አሳትሞ ነበር። ታሪኩ ጦርነት ስለ ቀረበት የወደፊት ዓለም ነው፤ ጦርነት የቀረው ግን ሰው ደግ ስለ ሆነ ሳይሆን፥ መግደል ለሚፈልግ ሰው በሕግ ፈቃድ እየተሰጠው አንድ ጊዜ አሳዳጅ፥ አንድ ጊዜ ተሳዳጅ እንዲሆን ስለ ተደረገ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. ኤሊዮ ፔትሪ የተባለው የኢጣልያ ሲኒማ አዘጋጅ ማርቼሎ ማስትሮያኒንና ኡርሱላ አንድረስን ይዞ «አሥረኛው ሰለባ» በሚል ስም ፊልም አደረገው። የአሜሪካ ተማሪዎችም ሐሳቡን ወስደው በየዩኒቨርሲቲያቸው ግቢ በአሻንጉሊት ሽጉጥ ይጫወቱት ጀመር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስቲቭ ጃክሰን የሚባል የጨዋታ ደራሲ ሕጎቹን ሰብስቦ በመጽሐፍ አወጣቸው፤ የመጽሐፉም ስም «ገዳይ» ነው። በዚያ አገር ዛሬም ጨዋታውን የሚጠሩት በነፍሰ ገዳይ ስም ነው። እኔ ይህን ስም አልወደውም፤ ለምን እንደማልወደው ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ከዚሁ ዘር የተወለዱ ሌሎች ጨዋታዎችም አሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. በሜሪላንድ በሚገኘው ጉቸር ኮሌጅ ተማሪዎች አንድ ሌላ ዓይነት አወጡ። በእርሱ የተያዘ ሰው አይወጣም፤ ወደ አሳዳጆቹ ወገን ይዞራል እንጂ። ስለዚህ በመጀመሪያ ሁሉ ተሳዳጅ፥ አንድ ሁለቱ ብቻ አሳዳጅ የነበሩት በመጨረሻ ይገለበጣል። ለመከላከያ ከሚወረውሩት ነገር አንዱ የተጠቀለለ ካልሲ መሆኑን ሳነብ ሳቅሁ፤ የእኛ አገር ልጅ ካልሲ ተጠቅልሎ ኳስ እንደሚሆን ለማወቅ ኮሌጅ መግባት አላስፈለገውም። ደግሞም በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር በስፖኬን ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብረው የተማሩ አሥር ወንዶች አሉ። እነዚህ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በየካቲት ወር፥ ማለት በፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር፥ አባሮሽ ይጫወታሉ። ጎልማሶች ሆነው፥ ሚስትና ልጆች ይዘው፥ በየከተማው ተበትነው ሳሉ አንዱ ሌላውን ለመንካት በአውሮፕላን ይሄዳል። በ2013 እ.ኤ.አ. ወሬያቸው በጋዜጣ ወጣ፥ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፊልም ተሠራበት። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ የእነዚህ ነው፤ ማንም ከጨዋታው አይወጣምና። ነገር ግን አሥር ሰዎች ለብዙ ዓመት የሚጫወቱትን በአንድ ሳምንት ለሠላሳ ሰው ማድረግ አይቻልም፤ ስለዚህ ወደ ዕጣው እንመለስ።

አሰናጂው ከሁሉ አብልጦ መጠንቀቅ ያለበት እዚህ ላይ ነው። ዕጣ ማውጣት ለብዙ ሰው ቀላል ነገር ይመስለዋል። ስሞቹን በየወረቀቱ ጽፎ፥ ጠቅልሎ፥ በባርኔጣ ውስጥ አናውጦ ለእያንዳንዱ አንዳንድ ማስነሣት፤ ዕቁብስ የሚጣለው እንዲህ አይደለም እንዴ? አዎን፥ ዕቁብ እንዲህ ይጣላል። አባሮሽ ግን እንዲህ ከተጣለ ይበላሻል። ምክንያቱን በአራት ሰዎች እንየው። አበበ፥ ጫልቱ፥ ሐጎስና ፋጡማ ዕጣ አወጡ እንበል፤ ማንም የራሱ ስም አልደረሰውም እንበል። አራት ሰዎች የራሳቸውን ስም ሳያገኙ ዕጣ የሚያወጡባቸው መንገዶች 9 ናቸው። በ6ቱ አንድ ሙሉ ቀለበት ይሠራል፤ አበበ ጫልቱን፥ ጫልቱ ሐጎስን፥ ሐጎስ ፋጡማን፥ ፋጡማ አበበን። በቀሩት 3 ግን ሁለት ሁለት ሆነው ይከፈላሉ፤ አበበ ጫልቱን፥ ጫልቱም አበበን፤ ሐጎስ ፋጡማን፥ ፋጡማም ሐጎስን። ይህ በሆነ ጊዜ ጫልቱ አበበን ብትይዘው የምትወርሰው ወረቀት የራሷ ስም ያለበት ነው! በዚያ በኩል ጨዋታው ቆመ ማለት ነው።

«ከ9 በ6ቱ ከተሳካ ምን ጎደለ?» የሚል አይጠፋም። ሰው በበዛ ቁጥር ነገሩ እየከፋ ይሄዳል። 20 ሰዎች በባርኔጣ ቢያወጡ፥ ማንም የራሱን ስም ባያገኝ እንኳ፥ አንድ ሙሉ ቀለበት የመገኘቱ ዕድል ከመቶ 14 አይሞላም። ከመቶ ሰማንያ ስድስት ጊዜ በላይ ጨዋታው ተቆራርጦ ይጀመራል፤ ተጫዋቾቹም ይህን የሚያውቁት በሦስተኛው ቀን አንዱ የራሱን ስም ይዞ ወደ ዳኛው ሲመጣ ነው። መድኃኒቱ ግን ከበሽታው ይልቅ ቀላል ነው። ዳኛው ወረቀቶቹን ሳያይ ያደባልቃል፤ ከዚያ በጠረጴዛ ላይ በክብ ይደረድራቸዋል፤ ለእያንዳንዱ ሰው በቀኙ የተቀመጠውን ስም ይሰጠዋል። የመጨረሻው ለመጀመሪያው ይመለሳል። ቀለበቱ አንድ ነው፥ ማንም ቢያዝ አይበጠስም፤ ያዡ የተያዘውን ወረቀት ሲወርስ ቀለበቱ በአንድ ሰው ያንሳል እንጂ እንደ ተገጠመ ይኖራል። ሁለት ሰዎች ሲቀሩ አንዱ አንዱን ያሳድዳል፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፤ የጨዋታው ጣዕም ያለው በዚያች ቀን ነው።

ይህን የሚያሰናዳው ዳኛ ራሱ አይጫወት። ቀለበቱን ያየ ሰው ከቀለበቱ ውስጥ መቆም የለበትም። እግረ መንገዴን አንድ የጥንት ታሪክ ላንሣ። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ፥ የግዕዝ ሊቃውንቶቻችን በዜና አይሁድ ስሙን የሚያውቁት፥ በ67 እ.ኤ.አ. የሮማ ሠራዊት ዮድፋትን በያዘ ጊዜ ከ40 ጓደኞቹ ጋር በዋሻ ተደበቀ። ጓደኞቹ እጅ ከመስጠት በዕጣ እየተገዳደሉ መሞትን መረጡ። በመጨረሻ የቀሩት ሁለት ሲሆኑ አንዱ ራሱ ዮሴፍ ነበረ። እርሱ ይህን የዕድል ወይም የእግዚአብሔር ሥራ አድርጎ ይናገረዋል። ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡ የሒሳብ ሰዎች ግን ነገሩን ወደ ስሌት መለሱት፤ 41 ሰዎች በክብ ቆመው በየሦስተኛው ሰው እየተቆጠረ ቢወጡ፥ የሚቀሩት በ16ኛውና በ31ኛው ቦታ የቆሙት ናቸው። ዮሴፍ ቆጥሮ ይቁም አይቁም ለመፍረድ እኔ አልደፍርም። ነገር ግን ዕጣውን የሚጥለው ሰው ከዕጣው እንዲርቅ ማድረግ ከዚህ ሁሉ ሐሜት ያድናል።

አሁን ወደ መሣሪያው ልምጣ። በአሜሪካ አገር የሚይዙት በውሃ ሽጉጥ ወይም የላስቲክ ጥይት በሚተኩስ አሻንጉሊት ነው። በዚያው አገር በ2007 እ.ኤ.አ. በቨርጂኒያ ቴክ አንድ ተማሪ 32 ሰዎችን በእውነተኛ ሽጉጥ ከገደለ ወዲህ፥ በየግቢው አሻንጉሊት ሽጉጥ ይዞ መዞር ብዙ ጥያቄ ተነሥቶበታል። በቅርብ ዓመታትም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የውሃ ሽጉጥ ይዘው በሰው ግቢ ሲያደቡ እውነተኛ እየመሰለ ሰው ስለሚያስደነግጥ፥ በየከተማው ፖሊስ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ ይሰማል። በእኛ ግቢ ይህን ማሰብም አያስፈልግም። መግቢያ በር ላይ የምንፈተሽ ሰዎች ነን። የላስቲክም ይሁን የእንጨት ሽጉጥ ይዞ በባሕር ዛፍ ሥር የሚያደባ ተማሪ፥ ጥበቃው ባየው ጊዜ ቀልድ መሆኑን ለማስረዳት ፋታ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ስለዚህ የእኛ መሣሪያ የልብስ መቆንጠጫ ነው። ይህች ልብስ ሲሰጣ በገመድ ላይ የምትይዘው ትንሽ የእንጨት ወይም የላስቲክ መቆንጠጫ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ይመስለኛል። በእጅ ውስጥ ትደበቃለች፥ አትጎዳም፥ አትሰበርም፥ ምንም ዓይነት ጦር መሣሪያ አትመስልም። አሳዳጁ መቆንጠጫውን በተሳዳጁ እጅጌ፥ በጃኬቱ ጫፍ፥ በነጠላዋ ዘርፍ ወይም በቦርሳ ማንገቻ ላይ ያደርግና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ «ዕጣህ ደረሰ» ወይም «ዕጣሽ ደረሰ» ይላል። ይህን ቃል ከዕቁብ ወስደነዋል፤ በዕቁብ ዕጣው የደረሰው ሰው ደስ ይለዋል፥ በእኛ ጨዋታ ያዝናል፤ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው። ቃሉ ከመነገሩ በፊት ተሳዳጁ መቆንጠጫውን አይቶ ከነቀለው መያዙ ከሸፈ፤ አሳዳጁም እስከ ማግሥቱ ሁለተኛ አይሞክርም። ከሁሉ የሚብሰው ግን መታወቁ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተሳዳጁ እርሱን ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይራል።

በዚህ ጨዋታ መሮጥ የለም። አባሮሽ ብለን ሩጫ የሌለበት መሆኑ የሚያስቅ ቢሆንም፥ በመኝታ ቤት ደረጃ ላይ የሚሮጥ ሰው እግሩን መስበሩ አይቀርም።

በእማኝ ነገር በእኔና በአንዳንድ ጓደኞቼ መካከል ብዙ ክርክር ሆኖ ነበር። በውጭ አገር የተለመደው ሕግ «መያዝ የሚጸናው ሌላ ሰው ሳያይ ነው» የሚል ነው። ይህ ሕግ ጨዋታውን ምስጢራዊ ስለሚያደርገው ለሰሚ ጆሮ ደስ ይላል። ነገር ግን ምን እንደሚያደርግ አስቡት። አሳዳጁን ሰው ወደሌለበት ቦታ ይገፋዋል። ወንዶች እርስ በርሳችን ብንሆን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ መደበቅ ያስቅ ይሆናል፤ አንዲት ሴት ተማሪ ግን በመሸ ጊዜ ከኋላዋ የሚከተላት ሰው መቆንጠጫ ይያዝ ሌላ ነገር ይያዝ በምን ታውቃለች? የምታውቀው የእግር ኮቴ ብቻ ነው። ይህን የነገረችኝ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ በተናገረችም ጊዜ ከወንዶቹ አንዳችን እንኳ አስቀድመን አላሰብነውም ነበርና ዝም አልን። ስለዚህ ሕጉን ገለበጥነው፤ መያዝ የሚጸናው ቢያንስ አንድ እማኝ ሲያይ ነው። በዚህ ምክንያት ጨዋታው ተበላሸ የሚሉ ነበሩ። እኔ ግን ይልቁን ከበደና ጣፈጠ እላለሁ። ሰው በሌለበት ሰውን መያዝ ማንም ይችላል፤ በሻይ ቤት ደጃፍ በስምንት ሰዎች መካከል ቆሞ፥ ስለ ፈተና እያወሩ፥ ማንም ሳያውቅ መቆንጠጫ ማድረግ ግን ጥበብ ነው። ክርክርም ይቀራል፤ «ነካሁህ፥ አልነካኸኝም» የሚል ነገር ሲነሣ እማኙ ይጠየቃል።

የጨዋታው ሰዓት ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ከዚያ ውጭ ማንም ማንንም አይከተልም፥ አይጠብቅም። በጥንት ዘመን ጠላት የበረታበት ሰው ገዳም ገብቶ ይማጸን እንደ ነበረ ሁሉ፥ በእኛም ጨዋታ መማጸኛ ቦታዎች አሉ፤ የትምህርት ክፍል፥ ቤተ መጻሕፍት፥ ቤተ ሙከራ፥ ክሊኒክ፥ የጸሎት ቦታ ሁሉና የሴቶች መኝታ ቤት። ምግብ ቤቱን በመማጸኛነት እናስገባ አናስገባ ተብሎ ብዙ ተከራክረናል። የእኔ አሳብ ሰልፉ ነጻ ሜዳ ይሁን፥ ሳሕን የያዘ ሰው ግን አይነካ የሚል ነው። ወጥ የሚደፋ ጨዋታ ከተማሪ ጋር አያኗኑርም። ፎቶግራፍ ማንሣትና የተሳዳጁን መዋያ በቴሌግራም ላይ መጠየቅም ክልክል ነው፤ የሰውን መዋያ በእግርህ ፈልገህ ድረስበት እንጂ ለሕዝብ አታውጅበት።

አንድ የቀረ ችግር አለ፤ እርሱም ፈሪ ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ በመኝታ ክፍሉ የሚቀመጥ፥ ማንንም ሳይዝ ሌሎቹ እስኪተላለቁ የሚጠብቅ ተጫዋች በየጨዋታው ይገኛል። ሠላሳ ሰው ቢጫወት አንድ ለመቅረት 29 ጊዜ መያያዝ ያስፈልጋል፤ በሰባት ቀን ሲካፈል በቀን አራት ጊዜ ከዚያም ጥቂት ይበልጣል። ስለዚህ በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ሰው ያልያዘ በዳኛው ትእዛዝ ይወጣል፤ ወረቀቱም እርሱን ያሳድድ ለነበረው ይተላለፋል።

ባለፈው ዓመት ይህን ጨዋታ 16 ሆነን ለአምስት ቀን ሞክረነዋል። ከምህንድስና ክፍል የመጣ አንድ ጓደኛችን በመጀመሪያው ቀን ማታ ልብሱን አራግፎ ሳይመረምር በር የማያልፍ ሆነ። በሁለተኛው ቀን ጀርባውን ወደ ግድግዳ አድርጎ መሄድ ጀመረ። በሦስተኛው ቀን የተያዘው በጫማው ማሰሪያ ላይ ነው፤ ማሰሪያ ልብስ ነው አይደለም ተብሎ ዳኛው ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ፈረደ፤ «ልብስ ነው» ተባለ። ሌላው በር ላይ ለሚቀመጠው ሊስትሮ ገንዘብ ከፍሎ ስለ ተሳዳጁ መግቢያና መውጫ ወሬ ይገዛ ነበር። ያ ብልህ ልጅ ወሬውን ለተሳዳጁም እንደሚሸጥ በኋላ ታወቀ። ከውጭ ሰው ወሬ መግዛት ይከልከል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ባይከለከል እመርጣለሁ፤ ልጁ በዚያ ሳምንት ከጫማ ካገኘው ይልቅ ከእኛ ያገኘው ሳይበልጥ አልቀረም።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚታወሰኝ ሌላ ነገር ነው። ለእኔ በደረሰኝ ወረቀት ላይ የነበረው ስም በፊት በመልክ እንጂ በሰላምታ እንኳ የማላውቀው ልጅ ነበረ። የምንማረው አንድ ፎቅ ላይ ነው፥ የምንበላው በአንድ ሰዓት ነው፤ እርሱ ግን ከአገሩ ልጆች ጋር በአንድ ጥግ ይቀመጣል፥ እኔም ከእኔዎቹ ጋር በሌላው። እርሱን ለመያዝ ሁለት ቀን መዋያውን ማወቅ ነበረብኝ። ሻይ ያለ ስኳር እንደሚጠጣ፥ ከቀትር በኋላ ብቻውን ተቀምጦ መዝገበ ቃላት እንደሚያነብ፥ እሑድ እሑድ ለእናቱ ስልክ ሲደውል ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ አወቅሁ። በሦስተኛው ቀን መቆንጠጫውን በእጅጌው ላይ አድርጌ «ዕጣህ ደረሰ» ስለው ከት ብሎ ሳቀና «አንተ ነህ እንዴ? እኔ ያ ረጅሙ ልጅ መስሎኝ ከእርሱ ስሸሽ ከረምሁ» አለኝ። ረጅሙ ልጅ ጨዋታውን አይጫወትም ነበር።

ከዚህ ላይ የመምህራችን ጥያቄ ይመጣል። በ2012 ዓ.ም. በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪዎች መካከል በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት እንደ ጠፋ፥ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ትተው ወደየቤታቸው እንደ ተመለሱ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያም በኋላ በ2013 ዓ.ም. የጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ሁለት ዓመት አገሪቱን አቃጠለ። በመካከላችን ከዚያ የመጡ አሉ። ባለፈው ዓመት ጨዋታውን ስናሰናዳ አንዱን ጠይቀነው ነበር። ቁጣ ሳይኖርበት እንዲህ አለን፤ «በእኛ ከተማ የሰው ስም በወረቀት ተጽፎ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ምን ማለት እንደ ሆነ እኔ አይቻለሁ። እናንተ ተጫወቱ፤ እኔን ተዉኝ።»

ተውነው። ማንም «ጨዋታ እኮ ነው» አላለውም፤ ማንም ቢለው ኖሮ እኔ አብሬ አልጫወትም ነበር። ከሕጎቻችን መጀመሪያ የተጻፈውም በእርሱ ምክንያት ነው፤ ያልፈቀደ አይገባም፥ የገባም ሰው በፈለገ ጊዜ ምክንያት ሳይጠየቅ ለዳኛው አንድ ቃል ተናግሮ ይወጣል። ስሙንም የለወጥነው ስለዚህ ነው። «ገዳይ»፥ «ሰለባ»፥ «ሞተ» የሚባሉ ቃሎች በእኛ ጨዋታ የሉም፤ የተያዘ ሰው «ወጣ» ይባላል። ይህ የቃል ለውጥ ብቻ ነው የሚለኝ ሰው ሊኖር ይችላል። በእርግጥ የቃል ለውጥ ነው። ነገር ግን በምግብ ቤት ሰልፍ ላይ ሦስት ተማሪዎች ቆመው «እገሌን ማን ገደለው?» ሲባባሉ ከኋላቸው የቆመው ሰው ወንድሙን የቀበረ ሊሆን ይችላል።

ለመምህራችን የምሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ሰው ሰውን የሚያሳድድበት ነገር አላነሰንም፤ እውነት ነው። ነገር ግን እስከ ዛሬ በየግቢው ሰው የተሳደደው በቋንቋው፥ በትውልድ ቦታው፥ ከማን ጋር በመቀመጡ ነው፤ አሳዳጁም ስለ ተሳዳጁ ከዚህ ሌላ አንድ ነገር አያውቅም ነበር። በዕጣ አባሮሽ ግን ስሙን የሚሰጠን ዕጣ ነው፤ ዕጣ ደግሞ አገር አይለይም። ሰውየውን ለመያዝ መቼ እንደሚነሣ፥ ምን እንደሚያነብ፥ በምን እንደሚስቅ ማወቅ ግድ ነው። በአምስት ቀን ጨዋታ የግቢ ጠብ ይበርዳል ብዬ አልናገርም፤ እንዲህ የሚል ሰው ቢኖር ራሴ አልሰማውም። ባለፈው ዓመት ከተጫወትነው 16 ሰዎች መካከል ቢያንስ ሰባቱ ከዚያ በፊት ተነጋግረው ከማያውቁት ሰው ጋር ዛሬ ሰላም ይባባላሉ። ይህን ቆጥሬዋለሁ።

አልጫወትም ያለን ልጅ እስከ መጨረሻው አልተጫወተም። ነገር ግን የወጡ ሰዎች ስም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በየማታው ሲለጠፍ መጥቶ ያነብ ነበር፤ የጫማ ማሰሪያው ፍርድ የተለጠፈ ዕለት ሁለት ጊዜ አንብቦ ሲስቅ አይቼዋለሁ።

የማቀርበው ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው። ጨዋታው የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፥ ፈተናም የቤት ሥራም ገና ሳይከብድ ይሁን። ተጫዋቾቹ ከሠላሳ አይብለጡ፤ ከዚያ ከበለጠ ዳኛው መቆጣጠር አይችልም። ዳኞቹ ሁለት ይሁኑ፥ አንዷ ሴት ትሁን፤ ሴት ተማሪዎች አቤቱታቸውን ለእርሷ ያቅርቡ። የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤትና የግቢው ጥበቃ ኃላፊ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሕጎቹን በጽሑፍ ይወቁ፤ ዘበኞቻችን «እጅጌ ላይ መቆንጠጫ የሚያደርጉት ተማሪዎች ምን ነካቸው?» ብለው እንዳይጨነቁ። ለአሸናፊው ገንዘብ አይሰጥ፤ ገንዘብ የገባበት ዕጣ ቁማር ይሆናል። ባለፈው ዓመት ለአሸናፊዋ የሰጠናት የወጡት አሥራ አምስት ሰዎች ያዋጡትን ቁርስ ነው፤ ፍርፍሩን እኛው በላንባት እንጂ።

መጫወት የሚፈልግ ስሙንና የትምህርት ክፍሉን ጽፎ በማኅበሩ ቢሮ በር ላይ በተሰቀለው ሣጥን ውስጥ እስከሚመጣው ረቡዕ ይክተት። መቆንጠጫ እያንዳንዱ የራሱን ያምጣ። ባለፈው ዓመት ጨዋታው ሲያልቅ በመኝታ ቤታችን ገመድ ላይ ልብስ የሚይዝ አንድም መቆንጠጫ አልቀረም ነበርና፥ የጎረቤቶቻችሁን አትውሰዱ።